የካንሰር መድሃኒት ሙከራና ነርሶቻችን፦ ከሜሪላንድ የታዘብኩት

አዲስ የካንሰር መድሃኒት ውጤት አመጣ ሲባል ዜናው ላይ የሚቀርበው ፕሮፌሰሩ ነው። የኩባንያውም ስም ይጠራል። መድሃኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ደም ስር ውስጥ ሲገባ ግን አልጋው ጎን ቆማ በየ15 ደቂቃው ግፊትና ሙቀት የምትለካው፣ ሌሊት ተነስታ በተባለው ሰዓት ደም የምትቀዳው፣ "ይሄ ነገር አላማረኝም፣ ይቁም" ብላ ፓምፑን የምታጠፋው ነርስ ናት። እኔ እዚህ ሜሪላንድ የምሰራው ይሄንን ነው። አገር ቤትም ነርስ ነበርኩ። ሁለቱን ሳስተያይ የሚከነክነኝ ነገር ስላለ ዛሬ ላውጣው። ስለ ህንጻና ስለ ማሽን ብዙ ሰው ጽፏል። እኔ የማወራው ስለ ስልጠና ነው። በካንሰር መድሃኒት ሙከራ ላይ የምትሰራ ነርስ ምን መማር አለባት? እዚህ እንዴት ትማራለች? እኛ ዘንድስ ምን ጎደለ?

መጀመሪያ ስራው ምን እንደሆነ ልናገር፤ የጤና ባለሙያ የሆኑ ጓደኞቼ እንኳ "ኬሞ መስጠት ከቻለች ምን ቀራት?" ይሉኛል። ብዙ ይቀራታል። የታወቀ ኬሞ ስትሰጥ መጠኑ በመጽሐፍ አለ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም በመጽሐፍ አለ። ሙከራ ላይ ላለ መድሃኒት መጽሐፉ ገና አልተጻፈም። የሚጻፈው እሷ ዛሬ ቻርቱ ላይ ከምታሰፍረው ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ፌዝ ዋን በሚሉት፣ ዋናው ጥያቄ "ሰው የሚችለው መጠን ስንት ነው?" የሚል ነው። በተለመደው አሰራር 3 በሽተኞች አንድ መጠን ይወስዳሉ። ሦስቱም ከቻሉት የሚቀጥሉት 3 ከፍ ያለውን ይወስዳሉ። አንዱ ክፉኛ ከተጎዳ እዚያው መጠን ላይ ሌላ 3 ሰው ይጨመራል፣ ሁለት ሰው ከተጎዳ መጠኑን መጨመር ይቆማል። "ክፉኛ" የሚለው ደግሞ በግምት አይደለም፣ ከ1 እስከ 5 የተቆጠረ መለኪያ አለው። 5 ሞት ነው።

ተቅማጥን ልውሰድ። በቀን ከወትሮው እስከ 3 ጊዜ ከጨመረ 1ኛ ደረጃ ነው፣ ከ4 እስከ 6 ከሆነ 2ኛ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 3ኛ። 3ኛ ደረጃ ብዙ ጊዜ መድሃኒት ያስቆማል። አሁን አንድ የኛ አባት ለምርመራ መጡ እንበል።

"ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ሆድዎን እንዴት ሆነልዎት?"

"ትንሽ ነካ አድርጎኝ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ።"

አስተርጓሚው ይሄንኑ በትክክል ይተረጉማል፣ ነርሷም 1 ብላ ትመዘግባለች። ሰውየው ግን ሌሊቱን ሙሉ ከሽንት ቤት አልወጡም። ለልጅ እግር ሴት ይሄን መናገር ነውር ሆኖባቸው ነው። እኔ እንዲህ ሲገጥመኝ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። "ትናንት ከምሳ በኋላ ስንቴ ተነሱ? ከመተኛትዎ በፊትስ? ሌሊት ልብስ መቀየር ነበረብዎት?" እያልኩ በየሰዓቱ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ቁጥሩ 8 ይመጣል። በወትሮው አንዴ ለሚወጣ ሰው ይሄ 3ኛ ደረጃ ነው። ይሉኝታችን የአንድ መድሃኒት መጠን እስከማሳሳት ይደርሳል ማለት ነው፣ እሳቸው ዝም ስላሉ ከእሳቸው በኋላ የሚመጡት ሰዎች የሚበዛባቸውን መጠን ሊወስዱ ይችላሉ። አባትን ሳያሸማቅቁ ይሄንን ጥያቄ መጠየቅ እንዲሁ የሚመጣ ችሎታ አይደለም። ሰው ተምሮ፣ ተለማምዶ፣ በሌላ ሰው ታይቶ ነው የሚያመጣው።

የደሙም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። መድሃኒቱ ሰውነት ውስጥ እንዴት ወጥቶ እንዴት እንደሚወርድ ለማወቅ በግማሽ ሰዓት፣ በ1 ሰዓት፣ በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ24 ሰዓት ደም ይቀዳል። ደም ስሩ እምቢ ብሎ 12 ደቂቃ ብትዘገይ ጥናቱ አይሞትም፣ የዘገየችበትን ትክክለኛ ደቂቃ እስከጻፈች ድረስ። የታቀደውን ሰዓት ከጻፈች ግን ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል፣ ማንም አያውቅባትምም። አገር ቤት የሰራሁበት ዋርድ ላይ የ6 ሰዓት ግፊት ሁሉ ልክ 6፡00 ተብሎ ይሞላ ነበር። ለ40 በሽተኛ ሁለት ነርስ ብትመድብ ሌላ ምን ይጠበቃል? ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እንዲህ ባለ ዋርድ ላይ ያደገች ነርስ ግን ሙከራ ውስጥ ስትገባ እጇ የለመደውን ነገር እንደገና መማር አለባት።

ለምን ይሄን ያህል ጥንቃቄ? ምክንያቱም ሰው ተጎድቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 (ሌሎቹንም ዓመቶች በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለንደን ውስጥ ለደም ካንሰርና ለመገጣጠሚያ በሽታ የታሰበ አንድ አዲስ መድሃኒት ለ6 ጤነኛ ወጣቶች በተከታታይ፣ በደቂቃዎች ልዩነት ተሰጣቸው። በሰዓታት ውስጥ ስድስቱም ጽኑ ህሙማን ክፍል ገቡ። እግዜር ይመስገን ሁሉም ተርፈዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ መድሃኒት መጀመሪያ ለአንድ ሰው ሰጥቶ ጠብቆ ማየት የተለመደ ሆነ። ያን ጊዜ አልጋው ጎን የምትጠብቀው ማን ናት? ይቺው ነርስ ናት።

ከዚያ የከፋውን ደግሞ እዚሁ አሜሪካ አድርገውታል። አላባማ ክፍለ ግዛት ተስኪጊ ውስጥ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 600 ገደማ ጥቁር ገበሬዎች ጥናት ላይ ነበሩ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን ከመጣም በኋላ አልተሰጣቸውም፣ በሽታው እስከ መጨረሻው ምን እንደሚያደርግ ለማየት ተብሎ። ይሄን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን ሲያንገበግበኝ የኖረው ግን አንድ ሌላ ነገር ነው። ያንን ጥናት ለአስርት ዓመታት አንድ ላይ ይዛ ያቆየችው ዩኒስ ሪቨርስ የምትባል ነርስ ነበረች። ጥቁር ናት፣ እዚያው ተስኪጊ የተማረች ናት፣ ሰዎቹ ይወዷታል። በመኪና ወደ ምርመራ ትወስዳቸዋለች፣ ሲሞቱ ለቀብራቸው ወጪ እንደሚሸፈን ትነግራቸዋለች፣ ቤታቸው ትገባለች። ሀኪሞቹ እየተቀያየሩ ሲሄዱ እሷ ቆየች። ክፉ ሴት ነበረች ብዬ አላስብም። ያመኑት ሀኪሙን አልነበረም፣ እሷን ነው። ያ እምነት እነሱን ለመጠበቅ ሳይሆን ጥናቱን ለማስቀጠል ዋለ።

ይሄን ታሪክ በስልጠና ላይ ሲያስተምሩን ክፍሉ ጸጥ ይላል። እኔ ደግሞ በውስጤ አገሬን አስባለሁ። እኛ ዘንድ በሽተኛ ሀኪሙን ይፈራል፣ "ሲስተር"ን ግን ያምናል። ሀኪሙ ራውንድ ጨርሶ ሲወጣ አስታማሚው ወደ ነርሷ ጠጋ ብሎ "አሁን ምን አሉ?" ይላል። በዚህ እምነት ላይ የመድሃኒት ሙከራ ቢመጣ፣ ያችን ሲስተር "እምቢ፣ ይሄ አይደረግም" ማለት ያስተማራት ማን ነው?

ተስኪጊ ከተጋለጠ በኋላ በ1974 በሰው ላይ የሚደረግን ምርምር የሚገዛ ህግ ወጣ፣ በ1979 ደግሞ ቤልሞንት ሪፖርት የሚባለው የስነ ምግባር ሰነድ። የነርሶቹ ሙያ ራሱን ችሎ እስኪወጣ ግን ብዙ ዓመት ፈጅቷል። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ ጤና ተቋማት ክሊኒካል ሴንተር ሙሉ ለሙሉ ለምርምር የቆመ ሆስፒታል ሆኖ የተከፈተው በ1953 ነው። የካንሰር ነርሶች ማህበር በ1975 ተመሠረተ። ማህበሩ በካንሰር ሙከራ ላይ የምትሰራ ነርስ ምን ምን ማወቅ እንዳለባት ለይቶ ያወጣው ግን በ2010 ነው። የአሜሪካ ነርሶች ማህበርም የክሊኒካል ምርምር ነርሲንግን ራሱን የቻለ ሙያ ብሎ የተቀበለው በ2016 ነው። ይሄ ትናንት ነው። "እነሱ እኮ መቶ ዓመት ቀድመውናል" ለሚለኝ ሰው ይሄንን ቀን ነው የማሳየው። በዚህ ነገር ብዙ አልቀደሙንም።

ስልጠናው ውስጥ ምን አለ? መልካም የክሊኒካል አሰራር፣ በተለምዶ ጂሲፒ የሚባለው በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ የሚመራበት ደንብ፣ የግድ ነው። ያለ እሱ በሽተኛ አትነኪም። ከዚያ ፕሮቶኮል፣ ማለትም ሙከራው የሚካሄድበትን ዝርዝር መመሪያ፣ ማንበብ ነው፤ 100 ገጽ የሚያልፍ ሰነድ ውስጥ ለዛሬው በሽተኛ የሚሆነውን መስመር ማግኘት። የጉዳት መለኪያው ይጠናል። ከባድ ጉዳት በ24 ሰዓት ውስጥ ለጥናቱ ባለቤት እንደሚነገር ይታወቃል። የስምምነት አጠያየቅ፣ በሽተኛው አውቆ እንዲፈቅድ ማለት ነው፣ ይለመዳል። ይሄ ሁሉ በወረቀት ሲሆን ቀላል ነው። ከበድ የሚለው ከአንዲት አሮጌ ነርስ ጎን ለወራት መቆሙ ነው። የኔዋ ፊሊፒናዊት ነበረች። በሽተኛው ምንም ሳይል ፊቱን አይታ "አሁን ብርድ ብርድ ይለዋል" ትላለች፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይንቀጠቀጣል። ይሄን ከየት አመጣሽው ስላት ትስቃለች። አጠገቧ ቆሜ ነው የተማርኩት።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች ልምጣ። ዋሽንግተን ዙሪያ የኛ ሰው ብዛት የታወቀ ነው። አርጅተናል ደግሞ። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ የመጡት ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ወላጆቻችንንም አምጥተናል። ካንሰርም አብሮ መጥቷል። መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የመቅኒ ካንሰር በጥቁሮች ላይ ከነጮች ከእጥፍ በላይ ይታያል። በአዳዲስ መድሃኒቶች ሙከራ ውስጥ ግን ጥቁሮች ከህዝብ ቁጥራቸው በጣም ያነሱ ናቸው። የኛዎቹ ሲጠየቁ "መሞከሪያ ሊያደርጉኝ?" ይላሉ። እኔ አልፈርድባቸውም።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። የሰውነትን መከላከያ ህዋስ የሚቀሰቅሱ አዳዲስ ህክምናዎች አንዳንዴ አእምሮን ይነካሉ። ስለዚህ ነርሷ በየጊዜው 10 ነጥብ ያለው አጭር ፈተና ትሰጣለች። ዓመቱ ስንት ነው? ወሩ ማን ነው? ያለንበት ከተማ የት ነው? ሆስፒታሉስ? ሦስት እቃ ጥራ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፣ ከ100 በ10 በ10 ወደ ኋላ ቁጠር። 10 ከ10 ካላመጣ የአእምሮ ጉዳት ቢያንስ 1ኛ ደረጃ ጀምሯል ተብሎ ይያዛል። በ2024 መኸር ላይ አንድ አባት ተጠየቁ። በአስተርጓሚ ስልክ ነው። ከተማውን መለሱ፣ እስኪብርቶውን አወቁ፣ ቁጥሩንም ቆጠሩ። ዓመቱን ሲጠየቁ "2017" አሉ። አስተርጓሚው 2017 አለ። ነርሷ ደነገጠች፤ 7 ዓመት ወደ ኋላ! 9 ከ10 ተብሎ ሀኪም ተጠራ፣ ስለ ስቴሮይድ ማውራት ተጀመረ። እኔ ፈረቃ ልረከብ ስገባ ነው የደረስኩት። "አባባ፣ በፈረንጅስ ስንት ነው?" አልኳቸው። "በነሱማ 2024" አሉኝ፣ በጥያቄዬ ትንሽ ቅር እያላቸው። አእምሯቸው እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀን አቆጣጠራችን እኛ ክፍል ማስታወሻ ላይ ተጽፏል።

ሰዓታችንም እንዲሁ ነው። በሙከራ ላይ ያለ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ደብተር ይሰጣቸዋል፣ የዋጡበትን ሰዓት ይጽፋሉ። እናታችን "2፡00" ብለው ይጽፋሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ማለታቸው ነው። አስተባባሪው ከሌሊቱ 2 ሰዓት በፈረንጅ ብሎ ያነበዋል። የ6 ሰዓት ስህተት በመድሃኒት ጥናት ውስጥ ትንሽ አይደለም።

ጾምም አለ። ኬፕሳይታቢን የሚባለውን ክኒን በቀን ሁለቴ፣ ምግብ ከተበላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው መዋጥ ያለበት። አቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እናት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይውጡት ወይስ ይተዉት? "ይጾማሉ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካልኖረ አይናገሩም፣ ምግብ ስለመብላታቸው ቢጠየቁም "አዎ እበላለሁ" ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ስጠይቃቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ነፍስ አባታቸው ለህመምተኛ እንደሚፈቅዱ ያውቃሉ። የሚፈልጉት አንድ ሰው እንዲያነሳላቸው ነው። ረመዳን ላይ ለሙስሊም ወገኖቻችንም ጥያቄው ያው ነው። ጸበሉን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ዳማከሴውን ካልተቆጣሽ ይነግሩሻል፣ ከተቆጣሽ አይነግሩሽም። በሙከራ ላይ ከመድሃኒቱ ጋር ምን እንደወሰዱ አለማወቅ አደገኛ ነው።

ከሁሉም ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄኛው ነው። ብዙ የካንሰር ሙከራዎች ለመግባት ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ህዋስ ቢያንስ 1,500 እንዲሆን ይጠይቃሉ። ከአፍሪካ ዘር የሆኑ ብዙ ጤነኛ ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያንንም ጨምሮ፣ በተፈጥሯቸው ከዚህ ያነሰ አላቸው። ዳፊ የሚባል ምልክት በቀይ የደም ህዋሳቸው ላይ የለም፤ ይሄ አንድን የወባ ዓይነት ይከላከል ስለነበር በትውልድ የተረፈ ነገር ነው። ቁጥሩ አነሰ እንጂ ሰውየው ከሌላው ይበልጥ በኢንፌክሽን አይጠቃም። 1,400 የመጣለት ወንድማችን ግን "አልተሟላም" ተብሎ ከሙከራው ይወጣል። ይሄን የምታውቅ ነርስ ከ5 ዓመት በፊት የነበረውን የደም ውጤት ታወጣለች፣ "ያኔም ጤነኛ ሆኖ 1,400 ነበር" ብላ ለሀኪሙ ታሳያለች። አዳዲስ ፕሮቶኮሎች ይሄንን እየተቀበሉ ነው። የማታውቅ ነርስ ደግሞ ወረቀቱን ዘግታ ታሰናብተዋለች።

ስለ ስምምነቱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር። በሽታን መደበቅ ባህላችን ነው። መርዶ በድንገት አይነገርም፣ ካንሰርም አይነገርም። አንዲት ልጅ ከቀጠሮው በፊት ስልክ ደወለችልኝ፣ ሀበሻ መሆኔን ሰምታ። "እህቴ በናትሽ፣ ማሚ ካንሰር መሆኑን አታውቅም፣ እጢ ነው ብለናታል። አንቺ ትረጂኛለሽ።" እረዳታለሁ፣ እውነት እረዳታለሁ፣ እኔም በራሴ ቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ። ግን በሽታዋን የማታውቅ ሴት ሙከራ ውስጥ ልትገባ አትችልም። ፊርማዋ ባዶ ነው። ልጇም አስተርጓሚ መሆን አትችልም። በስልጠና የተማርኩት በዚህ ጊዜ እናትየዋን ራሷን መጠየቅ ነው፦ "እማማ፣ ስለ ህመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማን አብሮዎት እንዲሰማ ይፈልጋሉ?" እሳቸው የፈለጉትን ይመርጣሉ። ሁሉም በአማርኛ፣ በአስተርጓሚና በምስክር ፊት፣ በአጭሩ የአማርኛ ቅጽ ተነበበላቸው። ሲያልቅ ዝም ብለው ቆዩና "ልጄ፣ ይሄ መድሃኒት ለኔ ነው ወይስ ከኔ በኋላ ለሚመጡት?" አሉኝ።

ስንት ፕሮፌሰር የሚያድበሰብሰውን ጥያቄ ነው የጠየቁት። የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ ነበር። መልሱ "በዋናነት ከእርስዎ በኋላ ለሚመጡት ነው፤ ለእርስዎም ሊጠቅም ይችላል፣ ላይጠቅምም ይችላል" የሚል ነው። እንደዚያው አልኳቸው። ልጅየዋ አለቀሰች። እናትየዋ ግን ሌሊቱን አስበውበት በማግስቱ ፈረሙ። ባይፈርሙም አከብራቸው ነበር። ነርስ ሰልጥና ካልሆነ "አይዞዎት፣ ያድንዎታል" ብላ ታልፈዋለች፣ ከርህራሄ የተነሳ። ያ ርህራሄ ግን የእሳቸውን መብት ይወስዳል።

"ታዲያ ለምን በኛ ላይ ይሞከራል? ነጮቹ ይሞክሩትና እኛ ያለቀውን እንውሰድ" የሚል ሰው አለ። ለዚህ መልሱ ከራሳችን ሰው ነው የመጣው። በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የምትሰራው ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባወጡት ጥናት ከኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት መድሃኒት የሚፈጭ አንድ ጂን ተደርቦ እንዳላቸው አሳዩ። አውሮፓውያን ላይ ይሄ በጣም ያነሰ ነው። ይህ ጂን ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን ታሞክሲፈን ወደሚሰራው መልክ የሚቀይር ነው። ኮዴይን የሚባለውን የህመም ማስታገሻም ወደ ሞርፊን ይቀይራል፣ በፍጥነት ከቀየረው ደግሞ ሰው ይጎዳል። እንግዲህ በሌሎች አካል ላይ የተለካ መጠን ለእኛ ልክ ነው ብሎ የሚምል ማነው? አገር ቤት መሞከር ያለበት ለዚህ ነው፤ ሲሞከር ደግሞ የሰለጠነ ሰው ባለበት።

አገር ቤትን እናንሳ። ለረጅም ጊዜ የጨረር ህክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከጎጃም፣ ከባሌ፣ ከጋምቤላ እዚያ ይመጣ ነበር። አሁን ጅማ፣ ሀዋሳ፣ ጎንደርና ሐረማያም የካንሰር ህክምና ላይ ናቸው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እንደሚለው በአገራችን በዓመት ከ75 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚ አለ፣ በሴቶች ላይ የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኦንኮሎጂ ነርሲንግ ማስተርስ ይሰጣል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዋርድ ላይ ያለችው ነርስ ግን፣ እኔ በነበርኩበት ቦታ፣ ኬሞን የተማረችው ከቀደመችው እህት አይታ ነው። ማስክና ጓንት አድርጋ፣ በተከፈተ መስኮት አጠገብ መድሃኒቱን ታዘጋጃለች። ስትለምደው ደግሞ ሮቴሽን ይመጣና ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ትዛወራለች። በዓመት ውስጥ እንደገና ከዜሮ። ይሄ እንዴት እንደሚያበሳጭ የነበረበት ያውቀዋል።

ሙከራ ራሱ ለእኛ እንግዳ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ከ1970 ጀምሮ አለርት ግቢ ውስጥ አለ። ጎንደርና አርባ ምንጭ ላይ፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ለሚመጣው ለካላዛር፣ የመድሃኒት ሙከራ ተሰርቷል፤ ከኬንያ፣ ከሱዳንና ከኡጋንዳ ጋር በተደረገው ጥናት የ30 ቀን መርፌ በሁለት መድሃኒት ጥምረት ወደ 17 ቀን ወረደ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 ተቀበለው። 13 ቀን መርፌ የቀረለት የመተማ የቀን ሰራተኛ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያንን ጥናት ዋርድ ላይ የያዙት የኛ ነርሶች ናቸው። ጂሲፒን ያውቃሉ፣ ስምምነት ማንበብ ለማይችል ሰው በምስክር ፊት ማስረዳት ያውቃሉ። የካንሰር ክፍሎቻችን ለምን ከእነሱ አይማሩም? ከኔ ከሜሪላንድ ከመጣሁት ይልቅ የጎንደሯ ሲስተር የምታስተምረው ይበልጣል። ኡጋንዳ የካንሰር ተቋሟን ከአሜሪካኖች ጋር ያቆመችው በ1967 ነው፣ በልጆች መንጋጋ ላይ ለሚወጣው በርኪት ሊምፎማ የኬሞ ሙከራ እያደረገች። እሷም እንደኛ ምስራቅ አፍሪካ ናት።

ደግሞ ሌላ የሚያኮራ ነገር አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ 8 ሆስፒታሎች ውስጥ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ላይ በእጣ የተከፈለ ጥናት ተደርጎ ነበር። በግማሹ ሆስፒታል ነርሶች ሰልጥነው ሴቶቹን እየተከታተሉ፣ በስልክ እያስታወሱ፣ እያስረዱ ክኒናቸውን እንዲወስዱ አገዙ። በሌላው እንደተለመደው ሆነ። በዓመቱ መድሃኒታቸውን በሚገባ የወሰዱት ነርስ ባለበት 70 በመቶ፣ በሌለበት 45 በመቶ ገደማ ነበሩ። አዲስ መድሃኒት አልመጣም፣ ማሽን አልተገዛም። ነርስ ሰለጠነች፣ በቃ። ሙከራውም ራሱ እዚያው በደቡብ ሆስፒታሎች ተሰራ።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርም ሆነ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሙከራው እስኪመጣ ባይጠብቁ እላለሁ። ስፖንሰር ሲመጣ በሦስት ቀን ሆቴል ውስጥ በሚሰጥ ስልጠና ነርስ አይወጣም፣ አበል ነው የሚወጣው። የሰለጠነችው ቢያንስ ለጥቂት ዓመት ከካንሰር ክፍል እንዳትነቀል መደረግ አለበት። የስራ መደብ ይኑራት፣ ደሞዝ ይታከልላት። አለበለዚያ እንደኔ ትወጣለች። እኔ መውጣቴን አልደብቅም፣ ስለወጣሁ ግን እዳ አለብኝ ብዬ አምናለሁ፤ እዚህ በዚህ ሙያ ያለን ሀበሾች ቅዳሜ ቅዳሜ በዙም ማስተማር እንችላለን፣ ብዙዎቻችንም ፈቃደኞች ነን። የሚያደራጅ ተቋም ነው የጠፋው። ትምህርቱም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚደረግ የስምምነት ውይይት ልምምድ ይኑረው፣ በእንግሊዝኛ ስላይድ "ኮንሰንት" ብሎ ማለፍ ለገበሬዋ እናት ምንም አያደርግላትም።

አገር ቤት ያሉ ወጣት ነርሶች "ከየት ልጀምር?" ይሉኛል። ጂሲፒን ዘ ግሎባል ኸልዝ ኔትወርክ በነጻ በኢንተርኔት ይሰጣል፣ ሰርተፍኬትም አለው። ከዚያ የጉዳት መለኪያ ሰንጠረዡን ከአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ድረ ገጽ አውርዱ። ሙከራ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ነገ ጠዋት ለተራ ኬሞ ታማሚያችሁ ተጠቀሙበት። ማቅለሽለሽ ስንተኛ ደረጃ ነው፣ የእጅ መደንዘዝ ሸሚዝ መቆለፍ ከልክሏቸዋል ወይ፣ ስንት ጊዜ አስመለሳቸው፣ ብላችሁ ከነሰዓቱ መዝግቡ። ሰንጠረዡ ስልክ ላይ ይከፈታል። እንግሊዝኛው የከበዳችሁ ቦታ ካለ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።